ምዕራፍ ሰባት፦ «ፈርሙ» ከመባሉ በፊት

ቀዶ ሕክምና በሚጠብቅ ሰው አልጋ አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ምሽት ወይም በዕለቱ ማለዳ፣ አንድ ወረቀት ይመጣል። ይዞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ነርስ ወይም ኢንተርን ነው፤ ነገ ቢላውን የሚይዘው ሐኪም አይደለም። ወረቀቱ ላይ የታማሚው ስም፣ የካርድ ቁጥርና የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ሰፍሯል። ዓይነቱ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ስለሚጻፍ አስታማሚው ያንን መስመር ዘልሎት ያልፋል። ከሥሩ ታማሚው ስለ ሕክምናው በሚገባ ተነግሮት መስማማቱን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገርና የፊርማ ቦታ አለ። መጻፍ ለማይችል ሰው የአሻራ ቀለም አብሮ ይመጣል። «ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ለኦፕራሲዮኑ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሙ» ይባላል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነገሩ ያልቃል፤ ወረቀቱም ካርዱ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ወረቀት በየቤቱ የሚነገር አንድ እምነት አለ፦ ከፈረሙ በኋላ ታማሚው ቢሞት፣ ቢጎድል፣ ሐኪሙን የሚጠይቅ የለም ይባላል። የአስታማሚ እጅ ብዕር ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፤ ወንድሙን ለሞት አሳልፎ የሚሰጥ ይመስለዋል። እምነቱ ግን ስሕተት ነው። ፊርማው የሚለው «ይህን አካል ለዚህ ሕክምና እንድትቀድዱ ፈቅጃለሁ» ብቻ ነው። ሆድ ውስጥ ጨርቅ ረስቶ ለመዝጋት፣ በቀኙ ፈንታ ግራውን ለመቅደድ፣ በቸልተኝነት ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ፈቃድ አይሰጥም። በሌላ በኩል ምንም ሳይነገረው የፈረመ ሰው ፊርማ ሐኪሙንም አያድነውም፤ ወረቀቱ «ተነግሮኛል» ይላል፣ ያልተነገረ ነገር ደግሞ በፊርማ የተነገረ አይሆንም። ስለዚህ ከፊርማው በፊት ንግግር ካልነበረ ወረቀቱ ለማንም አይጠቅምም። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ንግግር ነው፤ በተለይ ደግሞ ስለሚደረግበት ሰዓት፣ ምክንያቱም የአብዛኛው ችግር ሥር እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1767 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት አንድ ሰው ሁለት ሐኪሞችን ከስሶ ረታ። እግሩ ተሰብሮ መጠገን ጀምሮ ስለነበር ፋሻውን እንዲፈቱለት ቤከር የተባለውን የለንደኑ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ቀዳጅ ሐኪምና ስቴፕልተን የተባለውን መድኃኒት ቀማሚ ጠርቷቸው ነበር። እነሱ ግን ሳይጠይቁት፣ የገጠመውን አጥንት መልሰው ሰበሩትና ጥርስ ባለው የብረት መሣሪያ ወጥረው አሰሩት። ሌሎች ሐኪሞች ለምስክርነት ሲቀርቡ ታማሚን ሳያስፈቅዱ እንዲህ ማድረግ የሙያው ልማድ አይደለም አሉ። ዳኞቹ የሰጡት ምክንያት ዛሬ ሲያነቡት ያስገርማል፦ ሰው ምን ሊደረግበት እንደሆነ ሊነገረው የሚገባው ልቡን አደፋፍሮ ሕመሙን እንዲችል ነው። ማደንዘዣ አልነበረም። ታማሚው እስከ መጨረሻው ነቅቶ ስለሚያይና ስለሚሰማ መንገር የሥራው አካል ነበር፤ ያልተዘጋጀ ሰው ይፈራገጣል፣ የሚፈራገጥ ሰው ደግሞ አይቀደድም።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1846 ቦስተን ውስጥ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም፣ አንገቱ ላይ እብጠት የነበረበትን ወጣት በኤተር አስተኝቶ ቀዳጁ ሐኪም ያለ ጩኸት ሥራውን ሲጨርስ ይህ ሁሉ ተለወጠ። የሰው ልጅ ካገኛቸው ታላላቅ እፎይታዎች አንዱ ነው። ግን ከእፎይታው ጋር አንድ ሌላ ነገርም ገባ፦ ታማሚው ተኝቷል፤ ሐኪሙ ብቻውን ነቅቷል፤ ሆዱ ተከፍቶ ያልታሰበ ነገር ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት ለፍርድ ቤት የቀረቡትን ክሶች ሳይ፣ የፈቃድ ጥያቄ እንዲህ የከረረው ማደንዘዣ ከመጣ ወዲህ መሆኑ አይደንቀኝም።

ከእነዚህ አንዱ በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1905 የተወሰነው ነው። ሴትዮዋ የፈቀደችው ቀኝ ጆሮዋ እንዲታከም ነበር። ከተኛች በኋላ ሐኪሙ ሁለቱንም መርምሮ የግራው ይብሳል ብሎ ግራውን ቀደደ፤ ሥራው በጥንቃቄ የተሠራና የተሳካ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ሙያው ሳይሆን ፈቃዱ ነው የተጓደለው አለ፤ ሞት የሚያጣድፍ ነገር አልነበረም፣ ነቅታ መጠየቅ ትችል ነበር። ሁለተኛው በኒው ዮርክ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሜሪ ሽሎንዶርፍ የምትባል ሴት በሆድ ሕመም ሆስፒታል ገባች፤ ሐኪሙ እብጠት አገኘ፤ እሷም በኤተር ተኝታ እንድትመረመር እንጂ እንዳትቀደድ ተናግራ እንደነበር መሰከረች። ስትነቃ እብጠቱ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ክንዷ ላይ ጋንግሪን ተነስቶ ከጣቶቿ ጥቂቱን አጣች። እ.ኤ.አ. በ1914 ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ በዚህ ጉዳይ የጻፉት ፍርድ በሕክምና ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ለአካለ መጠን የደረሰና አእምሮው የተሟላ ሰው ሁሉ በገዛ ሰውነቱ ላይ የሚደረገውን የመወሰን መብት አለው፤ ያለ ፈቃዱ የቀደደው ሐኪም ጥቃት ፈጽሟል። ሜሪ ግን ሆስፒታሉን አልረታችም፤ በዚያን ጊዜ ሕግ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል በሐኪሞቹ ጥፋት አይጠየቅም ነበር። መርሑን ለሰው ሁሉ አስገኝታ ራሷ ባዶ እጇን የወጣች ሴት ናት።

እስከዚህ ድረስ ያለው «ጠይቀኝ» የሚል ነው። «ንገረኝ» የሚለው ዘግይቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ የሚለውን ሐሳብ አነሳ። በ1972 ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ የተሰጠ ፍርድ መለኪያውን ገለበጠው። ጉዳዩ ጀርባውን ታሞ በ19 ዓመቱ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትና በኋላ ሽባነት የደረሰበት ወጣት ነበር፤ ከ100 ሰው በ1 ሊደርስ የሚችል የሽባነት አደጋ እንዳለ አልተነገረውም። እስከዚያ ድረስ «ሐኪም ምን ያህል ይንገር?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ «ሌሎች ሐኪሞች የሚናገሩትን ያህል» ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም፤ መለኪያው በታማሚው ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ለመወሰን የሚያስፈልገው ነገር ነው አለ።

እንግሊዞች ግን ለአሠርት ዓመታት በሐኪሞቹ መለኪያ ቆዩ። የተለወጠው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2015 በአንዲት ስኮትላንዳዊት እናት ጉዳይ ነው፤ የሞንትጎመሪ ጉዳይ ይባላል። እናቲቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ቁመቷም አጭር ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶች ትልልቅ ልጆች ይወልዳሉ፤ የሕፃኑ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻው የመያዝ ዕድሉ በእንዲህ ዓይነት እናቶች ከ100 ወሊድ በ9 ወይም በ10 ነው። እሷም ልጁ ትልቅ እንዳይሆን መስጋቷን በክትትሉ ጊዜ ተናግራለች። ሐኪሟ ግን ስለ ትከሻው አልነገረቻትም። ምክንያቷን በፍርድ ቤት ስታስረዳ አልደበቀችም፦ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ላይ ነው፤ ብነግራቸው ሁሉም በቀዶ ሕክምና ልውለድ ይላሉ፤ ያ ደግሞ ለእናቶች አይበጅም። በ1999 ልጁ ሲወለድ ትከሻው ተያዘ። ራሱ ከወጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ 12 ደቂቃ ፈጀ፣ በዚያ መሐል አየር አጥሮት አንጎሉ ተጎዳ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለእናቲቱ ፈረደ፤ ካሳው 5.25 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ማለት የፈለግሁት ሐኪሟ ክፉ ስላልነበረች ነው። ቅን ነበረች፤ ያሰበችውም የእናቶቹን ደኅንነት ነው። ስሕተቱ ያለው «ብነግራት የማይሆን ትመርጣለች» በሚለው ስሌት ውስጥ ነው። ሰው ቢያውቅ ምርጫውን ይለውጣል ብሎ መረጃ መደበቅ ምርጫውን ከእጁ መውሰድ ነው። ይህን ስሌት በየሆስፒታላችን ስንት ጊዜ እንሰማዋለን! «ብንነግራቸው ይፈራሉ፤ ፈርተው ይሄዳሉ፤ ሄደው ይሞታሉ» ይባላል። ሥጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ግን ሳይነገረው የቀረ ሰው አደጋው ሲደርስበት ለጎረቤቱ የሚያወራውን አስቡት፤ ከእሱ ታሪክ በኋላ ስንቱ ከሆስፒታል ደጅ ይሸሻል?

በእኛ አገር ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምናም ሆነ የቀዶ ጥገና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ ማለት እንደሚችል ደንግጓል፤ ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ የሚታዘዙ እንደ ክትባት ያሉ ነገሮችን ብቻ ለይቶ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006ም ከሕክምና በፊት የታካሚው ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። የጎደለው በሕጉና በአልጋው መካከል ያለው ነው።

ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ ማን ይፈርማል የሚለው ነው። ምጥ ላይ ያለች፣ አእምሮዋ የተሟላ፣ 18 ዓመት ያለፋት ሴት በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ሲወሰን «ባልሽ የታለ?» ትባላለች። ባል ከብት ሊሸጥ ሄዶ ከሆነ፣ ወይም ስልኩ ዝግ ከሆነ አማት ትፈለጋለች፣ ወንድም ይፈለጋል። በዚህ መሐል የፅንሱ የልብ ምት ይወርዳል። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች፣ ለምትሰማና ለምትናገር ሴት የባል ፊርማ የሚጠይቅ ሕግ የለም። ባል፣ እናት፣ እኅት አጠገቧ ቢኖሩ ደስ ይላል፣ ያማክሯት፣ እጇን ይያዙ፤ ፈቃዱ ግን የእሷ ነው። ደግሞም ይህ ንግግር በምጥ ሰዓት የሚጀመር መሆን አልነበረበትም። በቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ጊዜ እያለ፣ «ምናልባት በቀዶ ሕክምና መውለድ ግድ ቢሆን» ተብሎ ቢነሳ፣ ደም መፍሰስ አልቆም ብሎ ማሕፀን እስከ ማውጣት ሊደርስ እንደሚችል ተነግሯት ቢሆን፣ በዚያች ሌሊት የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ለሕፃናት ወላጅ ወይም ሞግዚት ይወስናል። ራሱን ስቶ ለመጣና ሕይወቱ በደቂቃዎች ላይ ላለ ሰው ሐኪሙ ማንንም ሳይጠብቅ ነፍሱን ለማዳን የሚያስፈልገውን ያደርጋል፤ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም።

ምን ይነገር? በአንድ ምሳሌ ልሂድ። በደጋው አገራችን እንቅርት የተለመደ ነው፤ አፈሩና ውኃው አዮዲን ያንሰዋል። ጎንደር አካባቢ ያሉ አንድ መሪጌታ እንቅርታቸው አድጎ ሲተኙ ያፍናቸው ጀመር እንበል። ሐኪሙ በመጀመሪያ ሊነግራቸው የሚገባው ይህ እብጠት ምን እንደሆነና ለምን መውጣት እንዳለበት ነው። ሁሉም እንቅርት አይወጣም፤ ትንሽ ከሆነ፣ የማያፍን ከሆነ፣ ካንሰር ካልተጠረጠረ፣ እየታየ ሊቆይ ይችላል። የእሳቸው ግን የአየር ቧንቧውን ተጭኗል፤ ቢተውት እየባሰ ይሄዳል። ይህን ሲሰሙ «ካልተቀደድኩስ?» ለሚለው መልስ አገኙ። ያለ ቀዶ ሕክምና መኖርም አንድ አማራጭ ነውና አብሮ መነሳት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ አደጋው። እንቅርት ያበጠ የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ ከዕጢው ጀርባ የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ ያልፋል። በለመደ እጅም ቢሆን ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2 ላይ ነርቩ ለዘለቄታው ሊጎዳና ድምፅ ሊሻክር ይችላል፤ ለጊዜው የሚሻክርባቸው ከዚህ ይበዛሉ። ዕጢው አጠገብ የምስር ፍሬ የሚያክሉ ሌሎች አራት ዕጢዎች አሉ፤ የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ከተጎዱ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የካልሲየም ክኒን ያስፈልጋል። ዕጢው በሙሉ ከወጣ ደግሞ ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሆርሞን ክኒን መዋጥ ይመጣል፤ ክኒኑ በአቅራቢያቸው ባለ መድኃኒት ቤት መገኘቱን ከዚያው መጠየቅ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን አንገት ውስጥ ደም ቢጠራቀም ትንፋሽ ሊያሳጥር ስለሚችል አድረው ይታያሉ።

አሁን ሐኪሙ ሥራቸውን ካልጠየቃቸው ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖም ጎዶሎ ነው። የመሪጌታ ሥራ ድምፅ ነው። ማኅሌት ላይ የሚቆሙት፣ ተማሪ የሚያወጡት፣ የሚበሉትም በድምፃቸው ነው። ድምፁ ትንሽ ቢሻክር ግድ ለሌለው ገበሬ ከ100 በ1 የሆነው አደጋ ሰምቶ የሚያልፈው ነገር ነው፤ ለእሳቸው ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ምናልባት ከፊሉን ብቻ ማውጣት ይቻል እንደሆነ፣ ምናልባት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በብዛት ወደሚሠራበት ሆስፒታል መሄድ ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። «ከፍተኛ አደጋ» እና «ዝቅተኛ አደጋ» የሚባለው በወረቀት ላይ ቁጥር ነው፤ ክብደቱ የሚታወቀው በሚሸከመው ሰው ኑሮ ነው። ዳኞቹ በ1972ም በ2015ም የደረሱበት ይህ ነው፦ ሐኪሙ አደጋውን ያውቃል፣ ታማሚው ኑሮውን ያውቃል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ውሳኔው ዕውር ነው።

ቁጥር ስንናገር ደግሞ እንዴት እንደምንናገረው ያዳላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ባርባራ ማክኔልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ለሳንባ ካንሰር ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር እንዲመርጡ የተጠየቁ ሰዎች፣ ያው ውጤት «ይህን ያህሉ ይተርፋል» ተብሎ ሲነገራቸውና «ይህን ያህሉ ይሞታል» ተብሎ ሲነገራቸው ምርጫቸው ተለየ። የሚደንቀው ከተጠየቁት መካከል የነበሩት ሐኪሞችም እንደዚያው መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን መናገር ይገባል፦ «ከ100 እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች 98ቱ ድምፃቸው ደኅና ሆኖ ይወጣሉ፣ 2ቱ ይጎዳሉ።» በመቶኛ ከመናገር በሰው ቁጥር መናገር ለሁሉም ይገባል፤ ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ ያሰላል።

ቀዶ ሕክምናውን ማን እንደሚሠራም መነገር አለበት። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሬዚደንቶች በአስተማሪዎቻቸው እየታዩ ይሠራሉ፤ ይህ ባይሆን ነገ ሐኪም አይኖረንም። ታማሚዎች ይህን ሲሰሙ ይሸሻሉ ብሎ መፍራት አያስፈልግም። «ዶክተር እገሌ ይሠራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እመራዋለሁ» የተባለ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን ነቅንቆ ይቀበላል። የሚያስቆጣው በኋላ ማወቁ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በእኛ ባህል ክፉ ወሬ እንደመጣ አይነገርም። መርዶ በማለዳ ይነገራል፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ሰው አጠገብ ሆኖ። ባሕር ማዶ ላለ ልጅ እንኳ አባቱ መሞቱ በስልክ እንዳይነገር ዘመድ ይመካከራል። ይህ ጥልቅ ርኅራኄ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ርኅራኄው ሌላ መልክ ይይዛል። ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ለልጆቹ ይነግራል፤ ልጆቹ «እባክህ ዶክተር ለእማማ እንዳትነግርብን፣ ሰምታ ትሞትብናለች» ይላሉ፤ እማማ «ትንሽ ቁስል ናት» ተብለው ጡታቸው በሙሉ ይወጣል። ሲነቁ ደረታቸውን ይዳብሳሉ። ማን ፈቀደ? እሳቸው የፈቀዱት ለትንሽ ቁስል ነው።

መፍትሔው ባህሉን መናቅ ነው ብዬ አላምንም። መርዶ ነጋሪዎች የሚያውቁትን ሐኪሞችም ሊማሩት ይችላሉ፦ ሰዓት መምረጥ፣ ሰው ማሰባሰብ፣ ቀስ ብሎ መጀመር። ልዩነቱ መርዶ የሚነገረው ለባለ ሐዘኑ ለራሱ መሆኑ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሰዋል። ስለዚህ ምርመራው ገና ሳይጀመር፣ ውጤቱ ምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ፣ ታማሚዋን መጠየቅ ይቻላል፦ «እማማ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ? ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ዋና ዋናውን?» አንዳንዶች «ለልጄ ንገረው፣ እሱ ይጨነቅበት» ይላሉ። ይህም ፈቃድ ነው፤ ሳይጠየቁ ሌላ ሰው ከወሰነላቸው ጋር አንድ አይደለም። ብዙዎች ደግሞ ልጆቻቸው ከሚያስቡት በላይ ጠንካሮች ናቸው። የሚናዘዙት ኑዛዜ አለ፣ የሚታረቁት ሰው አለ፣ ለነፍስ አባታቸው የሚነግሩት አለ። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የታካሚ መብቶች ሕግ ሐኪም መረጃ እንዲደብቅ የሚፈቅደው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ መንገሩ በታካሚው ጤና ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲያረጋግጥ። ለውሳኔው የቤተሰብ ልመና ብቻ አይበቃም።

ከእስራኤል ሳንወጣ፣ ስለ ሰዓት ያልሁትን ከሁሉ የሚያሳይ ጉዳይ እዚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 አንዲት ሴት እግሯን ለመታከም ሃይፋ ውስጥ ሆስፒታል ገባች። የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ከወጣች በኋላ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጥቷት፣ ከትከሻዋ ናሙና እንዲወሰድ ፈረመች። የተደረገላት የትከሻው ብቻ ነው። ናሙናው አላግባብ አልተወሰደም፤ ሐኪሞቹ ትከሻዋ ላይ ያዩት ነገር አሳስቧቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ያ ፊርማ ፈቃድ አይደለም አለ፤ ከናሙናው በኋላ ትከሻዋ ላይ ከቀረባት ጉዳት ተለይቶም በራስ ሰውነት ላይ የመወሰን መብቷ መነካቱ ብቻውን ካሳ ያስገኛል ብሎ 15,000 ሰቅል ፈረደላት። የአእምሮዋ ግማሽ እንቅልፍ ላይ እያለ የተወሰደ ፊርማ ነበር። የእኛ የዋዜማ ምሽት ፊርማ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ታማሚው ጾሞ ለማደር ተዘጋጅቷል፣ ዘመድ ደም ሰጥቷል፣ ከገጠር ለመምጣት በሬ ተሸጧል፣ ወረፋው ከወራት በኋላ ደርሷል። በዚህ ሁሉ ላይ «እንቢ» ማለት የሚችል ስንት ሰው አለ? ፈቃድ መጠየቅ ያለበት እንቢ ማለት ገና ቀላል በሆነበት ሰዓት፣ ማለትም ቀጠሮው ሲያዝ በተመላላሽ ክፍል ነው። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ፣ ከሚስቱ ጋር ይምከር፣ ጥያቄውን ይዞ ይመለስ። ዋዜማው ለመጨረሻ ማረጋገጫ ይሁን።

ቋንቋም ሌላው ግድግዳ ነው። በራውንድ ጊዜ ሐኪሞች ታማሚው አልጋ ራስጌ ቆመው ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፤ እሱ ፊታቸውን እያየ ሞቱን ወይም ሕይወቱን ለመገመት ይሞክራል። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ ለሚናገር ሰው ደግሞ አማርኛውም እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው በአጠገቡ የተኛ ሌላ ታማሚ ወይም የ10 ዓመት ልጁ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለታካሚ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም፤ ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕጓ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ታዛለች። እዚያ ያሉ ወገኖች አስተርጓሚ ሲጠይቁ ውለታ እየለመኑ አይምሰላቸው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰውም ቢሆን ስለ አንጀቱ ሲሰማ በአፍ መፍቻው ቢሰማ ይሻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያለች እኅታችን ሐኪም ፊት ስትቀርብ ደግሞ አስተርጓሚዋ አሠሪዋ ልትሆን ትችላለች፤ ስለ ማሕፀኗ የምትመልሰው ደሞዟን የምትከፍለውን ሴት እያየች ነው።

ሐኪም ነግሬያለሁ ከማለቱ በፊት ሊያደርገው የሚችል አንድ ቀላል ነገር አለ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ለዶክተር «አልገባኝም» ማለት ነውር የሚመስለው ሕዝብ ነን፣ ሁሉም «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ይልቅ «ቤት ሲሄዱ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯታል?» ይበል። መሪጌታው «አንገቴን ከፍተው እንቅርቱን ያወጣሉ፣ ድምፄ ሊሻክር ይችላል፣ ክኒን ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ» ካሉ ገብቷቸዋል። «ዶክተሩ ያውቃል፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ካሉ ደግሞ ሥራው ገና ነው፣ እንደገና ይጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝርም የሚጀምረው በዚህ ነው፦ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ታማሚው ራሱ ማንነቱን፣ የሚቀደደውን ቦታ፣ የሚደረገውን ሕክምናና ፈቃዱን ያረጋግጣል። ዝርዝሩ በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሟቾች መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ያን ያመጣው የፈቃድ ጥያቄው ብቻ አይደለም፣ ዝርዝሩ 19 ነጥቦች አሉት። ግን መጀመሪያ ላይ ታማሚው መናገሩ በአጋጣሚ አልተቀመጠም።

ነግሮ የሚጠይቅ ሐኪም «እንቢ» የሚል መልስም ያገኛል። «ቢላ አይንካኝ፣ ጸበሌን እጠመቃለሁ» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሐኪም ይቆጣል፤ «እንግዲያው ፈርመህ ውጣ» ይላል፤ ታማሚው ፈርሞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሲብስበት ተቆጥተው ወዳስወጡት ቦታ ለመመለስ ያፍራል። እንቢ ያለ ሰው የሚወጣው ሦስት ነገር ይዞ መሆን አለበት፦ ምን ምልክት ሲያይ ቶሎ መመለስ እንዳለበት፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ምን ሊደረግለት እንደሚችል፣ ሲመለስም የሚቆጣው ሰው እንደሌለ። ከጸበሉ ጋር ደግሞ መጣላት አያስፈልግም። ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ማስተማራቸው ስንቱን እንደጠቀመ የሚያስታውስ ያስታውሳል። «ተጠምቀው ይምጡ፣ ቀጠሮዎ ይጠብቅዎታል» የሚል ሐኪም ያንን ሰው ብዙውን ጊዜ መልሶ ያየዋል። የፈቀደም ሰው ማደንዘዣው እስኪሰጠው ድረስ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፣ ጋውን ለብሶም፣ አልጋው ላይ ተኝቶም።

ንግግሩ በቀዶ ሕክምናው አያበቃም። ሜሪ ሽሎንዶርፍም፣ ደረታቸውን የዳበሱት እማማም የደረሰባቸውን ያወቁት ከነቁ በኋላ በገዛ እጃቸውና ዓይናቸው ነው። ሐኪሙ ራሱ ታማሚው በደንብ ሲነቃ መጥቶ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንዳወጣ፣ ከተስማሙበት የተለየ ነገር አድርጎ ከሆነ ለምን እንደሆነ፣ የተሳሳተው ካለም ስሕተቱን መንገር አለበት። ለላቦራቶሪ የተላከ ናሙና ካለ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣና ለማን እንደሚነገር ከዚያው ይወሰን። ታማሚውም ሆስፒታሉን ለቆ ሲወጣ የተደረገለትን የሚገልጽ ወረቀት በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው፤ ሌላ ቀን ሌላ ሐኪም «ይህ ጠባሳ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው እንዲኖረው።